ፎቅ ለምታጥቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስሄድ ቀና ብዬ አየሁና ደነገጥኩ። አንድ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመስኮት ደፍ ረግጦ ቆሟል። በግራ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨብጧል። በቀኙ የላቫጆ ማሽን ጎማ ይዞ ግድግዳ ያጥባል። ጓደኛው ታች ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ለምኜ አስወረድኩት። ቡና ጋበዝኩትና ስለ ሥራው ጠየቅኩት። መጀመሪያ የነገረኝ የማሽኑን ጉልበት ነው፤ የውሃው ግፊት የሚለካው በባር ነው። «ጋሼ፣ 250 ባር ነው እኮ!» አለኝ ደስ ብሎት። «አንተስ በምን ታስረሃል?» አልኩት። አንገቱን አቀረቀረ።

አምስት ሆነው ተደራጅተው፣ ተበድረው ነው ማሽኑን የገዙት። ብሩ ሁሉ ማሽኑ ላይ አልቋል። ለገመድ አልተረፈም። እንደነሱ ያሉ ብዙ ልጆች ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም እንዳሉ አውቃለሁ። ፎቁ በዝቷል፤ መስታወቱም አሉኮቦንዱም አቧራ ይዟል፤ ሥራው አለ። እንድትሠሩ እፈልጋለሁ። ግን ዕቃ ስትገዙ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ የምትቆሙበትን ግዙ፤ ማሽኑ በመጨረሻ ይምጣ።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ወጣት ሆኜ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ድርጅት የመጋዘን ግድግዳ እንድናጥብ ቀጠረን። መሰላል ሰጡን። እጄ እንዳይደክም ብዬ የመርጫውን ምላስ፣ ውሃ ለመልቀቅ በጣት የሚጨመቀውን፣ በሲባጎ አሰርኩት፤ ውሃው ሳይቋረጥ እንዲወርድ። ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብዬ ውሃውን ወደ ጎን ሳዞረው መሰላሉ ተንሸራተተ። ወደቅኩ። ምላሱ የታሰረው መርጫ ግን አላቆመም። መሬት ላይ እንደ እባብ እየተገረፈ የጓደኛዬን ቅልጥም መታው። የኔ የእጅ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሸው፣ ግን ቀንቶ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመኛል። የመርጫ ምላስ ስትለቁት ራሱ የሚዘጋው ለዚሁ ነው። በሽቦም በሲባጎም አትሰሩት።

መሰላሉ ለምን ተንሸራተተ? ያኔ አላወቅኩም ነበር። በኋላ ሒሳቡን ተማርኩት። በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ፣ 150 ባር የሆነ ማሽን ውሃውን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፈዋል። ውሃው ወደፊት ሲወጣ እናንተን ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ምንም አይደለም። መሰላል ላይ በአንድ እግር ሚዛን ለሚጠብቅ ሰው ግን ይበቃዋል። 200 ባር እና 21 ሊትር ከሆነ ግፊቱ ወደ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ርዝመቱ ስለሚያግዘው ይብሳል። ስለዚህ መሰላል ላይ ሆኖ በግፊት ማጠብ የለም። ትንሽ ከፍታ ነው፣ ቶሎ እጨርሳለሁ ማለትም የለም።

ታዲያ የት ትቆማላችሁ? ሁለት ሦስት ፎቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ መቆም ይቻላል። በውስጡ ውሃ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ለስላሳ ብሩሽ የተገጠመለት። ከቧንቧ በሚመጣ ውሃ አቧራን ያጸዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከተማችን ውስጥ ካሉት መስታወቶችና አሉኮቦንዶች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ይህን ነው። ከፍተኛ ግፊት መስታወቱ ዙሪያ ያለውን ሲሊከን ይልጣል፤ ውሃም ወደ ቢሮ ይገባል። ባለቤቱ ያንን ከእናንተ ሒሳብ ላይ ነው የሚቆርጠው።

ዘንጉን ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ ሽቦ እዩ። ደሴ ላይ መንገዱ ጠባብ ነው፤ የመብራት መስመሩ ሕንፃውን ሊነካ ጥቂት የቀረው ቦታ አለ። ከትራንስፎርመር በፊት ያለው መስመር 15,000 ቮልት ይይዛል። እንዲይዛችሁ መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ መጠጋት ይበቃል። የአሉሚኒየም ዘንግ መብራት እንደሚያስተላልፍ ሁሉም ያውቃል። የካርቦን ፋይበሩም ያስተላልፋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሻጩ «ፕላስቲክ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። መስመር አጠገብ ከሆነ መብራት ኃይል መስመሩን እስኪያቋርጥ አትጀምሩ።

ከሦስት ፎቅ በላይ ከሆነ ስካፎልዲንግ፣ ማለትም መወጣጫ፣ ወይም ገመድ ነው። ስካፎልዲንግ ከሆነ ከግድግዳው ጋር በየደረጃው ይታሰር፤ የውሃው ግፊት መወጣጫውንም እንደሚገፋው አስቡ። እርጥብ የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ሳሙና ሲፈስበት እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደግሞ ከፊታችሁ ያለውን ሰው አታዩም። ያን ቀን ሥራ አይኖርም በሉ።

ገመድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው እሱ ነውና። በገመድ የሚሠራ ሰው ሁለት ገመድ ያስፈልገዋል። አንዱ የሚወርድበት፣ ሌላው መጠባበቂያ። ሁለቱ በየራሳቸው፣ በተለያየ ቦታ ይታሰራሉ። የውሃ ሮቶ እግር ላይ፣ የአንቴና ብረት ላይ፣ ወይም በረንዳ አጥር ላይ የሚያስሩ አይቻለሁ። አታድርጉት። አሜሪካኖች በሥራ ደኅንነት ደንባቸው የአንድ ሰው ማሰሪያ ቢያንስ 5,000 ፓውንድ እንዲሸከም ይጠይቃሉ። ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ በላይ ማለት ነው። የሰው ክብደት ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሆኖ ለምን ይህን ያህል? የሚወድቅ ሰው ገመዱን የሚስበው በቆመበት ክብደቱ ስላልሆነ ነው። ኮንክሪት አምድ ፈልጉ። ገመዱ የጣሪያውን ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ወፍራም ሸራ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ አልብሱት።

ቀበቶስ? ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረውን «ሴፍቲ ቤልት» አትግዙ። ሲወድቁ ወገብን ይሰብራል፤ ሆድን ይጨምቃል፤ ወይም ሰውየው ሾልኮ ይወጣል። ትከሻንም ጭንንም የሚይዘውን ሙሉውን ግዙ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶ ከዚያ በኋላ አይሠራበትም። አንዴ ያዳነኝ ነው ብሎ ማስቀመጥ የለም፤ ቁረጡት። ከሰው እጅ ርካሽ ተገኘ ብላችሁ ታሪኩን የማታውቁትንም አትውሰዱ። ሌላም ነገር አለ። አሲድና በረኪና ናይለን ያዳክማሉ። በዓይን ሳይታይ ነው የሚያዳክሙት። ገመዱንና ሳሙናውን በአንድ ጆንያ አትጫኑ።

ሳሙና ካነሳሁ አይቀር፣ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ በአንድ ባልዲ አይገናኙም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ያለ ሰው ደግሞ ከጋዝ መሸሽ አይችልም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ያ ልጅ 250 ባር የገዛው ፎቁ ረጅም ስለሆነ እንደሆነ ነገረኝ። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ታስባላችሁ። ውሃ 10 ሜትር ሲወጣ የሚያጣው አንድ ባር ገደማ ነው። ባለ አምስት ፎቅ ላይ አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ባር ነው። ግፊቱን የሚበላው ጎማው ነው። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ 8 ሚሊሜትር ከሆነው አራት እጥፍ ያህል ግፊት ያጠፋል። ስለዚህ ለከፍታ ስትሉ ባር አትጨምሩ፤ ጎማውን አስፉት። ውሃ የሞላ ረጅም ጎማ ይከብዳል። በየጥቂት ሜትሩ በራሱ ገመድ ተደግፎ ይንጠልጠል። የጎማው መጋጠሚያም የእናንተ እጅም ክብደቱን አይሸከሙ።

ኖዝል ላይ፣ ማለትም ውሃው የሚወጣበት የመርጫው አፍ ላይ፣ ጊዜ ስጡ። ብዙ አምራቾች በቀለም ይለዩታል። ቀይ ቀጥ ያለ ነው፣ ዜሮ ዲግሪ። ቢጫ 15፣ አረንጓዴ 25፣ ነጭ 40 ዲግሪ ይዘረጋል። ጥቁሩ ለሳሙና ነው። ቀዩን ቤት አስቀምጡት፤ ፎቅ ላይ ሥራ የለውም። ሲሚንቶ ላይ በነጩ ጀምሩ፣ ራቅ ብላችሁ፣ ካልለቀቀ ብቻ ወደ አረንጓዴ ሂዱ። ኳርትዝ ቀለም የተቀባ ግድግዳን በቢጫ ብትነኩት ቀለሙን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። አሮጌ ድንጋይና ጭቃ ላይማ ጭራሽ አትሞክሩ። እንደ አይጠየፍ አዳራሽ ያለ የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ግንብ በማሽን ሲታጠብ ማየት አልፈልግም።

ውሃው ቆዳ ይበሳል። የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት፤ ውስጡ ግን ሥጋው ተበልቷል፣ ቆሻሻም ገብቷል። ብዙም ላያምም ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱና «በግፊት ውሃ ተመታሁ» በሉ። በጨው አጥቦ መተኛት ጣት ያስቆርጣል።

ቤንዚን ማሽን ለምትገዙ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ሞተር ከፍታ ላይ አቅም ያጣል። በየ300 ሜትሩ ሦስት ተኩል በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አቅም ከሩቡ በላይ ጠፋ ማለት ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያው ማሽን ነፍስ ይዘራል። ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ይህን ሳታውቁ ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ ትፈቱታላችሁ። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለደጋ አየር ያስተካክልላችሁ። ሞተሩንም ምድር ቤት ወይም ደረጃ ሥር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። የመብራት ማሽን ከሆነ ደግሞ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ዕቃ ሻጩን «አርሲዲ» ብላችሁ ጠይቁት። የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያ ውሃ ውስጥ አይተኛ።

ውሃንም ቁጠሩ። በደቂቃ 15 ሊትር የሚጠጣ ማሽን በሰዓት 900 ሊትር ይጨርሳል። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው የሚያቆያችሁ። ውሃ ሲያንሰው ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውስጡ ይበላል። ብድሩ ሳያልቅ ፓምፑ ያልቃል።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩም አላችሁ። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። «ራስህ ግዛ» ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ። እኔ ያኔ ዝም ብዬ ነው መሰላሉን የወጣሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቀበቶ ይዞት ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ድኗል አትበሉ። ራሱን ስቶ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል። በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ከመውጣቱ በፊት ማን፣ በየትኛው ገመድ እንደሚያወርደው ይታወቅ። መሬት ላይ የቀረው ሰው ሥራው ያ ነው። ዓይኑ ላይ ላይ ይሁን፤ ስልኩን ኪሱ ይክተት።

ያ ልጅ ቅዳሜ ከአራቱ ጓደኞቹ ጋር ቤት ሊመጣ ተቀጣጥረናል። ማሽኑን አታምጡ ብዬዋለሁ። ጓሮዬ ካለው ወይራ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለን፣ ማሰርና ማውረድ እንለማመዳለን።