«ስልኳን ልቀማት?»

ሰላም እትዬ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ከእጇ ግን ስልክ እንጂ ደብተር አይታይም። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ራሷን ፎቶ ታነሣለች፣ ፊልተር ታደርግበታለች፣ ኢንስታግራም ላይ ትለጥፋለች፤ ከዚያ ላይክ ቆጠራ ነው። የጠበቀችው ያህል ካልመጣላት ታጠፋዋለች፣ የዚያን ቀን ማንም አያናግራት። የጓደኛዋ ፎቶ ከበለጠማ ምሳም የለም። የኢንተርኔት ጥቅሉ የሚገዛው እናቴ ጉልት ውላ በምታመጣው ብር ነው! ቡና አፍዪ ስትባል «ቆይ»፤ እንግዳ ሲመጣ ቀና አትልም።

ፊልተሩም ቢሆን ነጭ አድርጎ ስለሚያወጣት እሷን አትመስልም። ቤት ውስጥ ከልጅነታችን ጀምሮ እሷን «ከሰሌ»፣ እኔን «ቀዮ» ነው የሚሉን፤ ፍቅር ነው፣ ተቆጥታም አታውቅም። ባለፈው የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ ግን የቤተሰብ ፎቶ አልነሣም ብላ መኪና ውስጥ ቁጭ አለች። ብለምናት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ስልኳን ልቀማት ወይስ ፈተናው ይለፍ?

ታላቅ እህት፣ ከአዳማ

ልጄ፣

ተቆጥታ አታውቅም አልሽ። በምን አፏ ትቆጣ? ጠሪዋ እናቷ፣ ሳቂዋ እህቷ! ፊቷን ብታጠቁር «ጨዋታ አታውቅም» ልትባል። በአንድ ማዕድ አንቺ ስትጠሪ ትሞገሻለሽ፣ እሷ ስትጠራ ትሰደባለች። ይህን አሥር ዓመት የሰማች ልጅ ለምን ነጭ የሚያደርግ ፊልተር እንደምትመርጥ ነው የምትጠይቂኝ?

ስልኩ ንጹሕ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሾልኮ የወጣው የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ኩባንያ የውስጥ ጥናት፣ 32 በመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶች ስለ ሰውነታቸው ሲከፋቸው ኢንስታግራም እንደሚያብስባቸው መናገራቸውን ያሳያል። ያባሰው ነው እንግዲህ፤ መከፋቱ ቀድሞ ነበር። የእህትሽ ደግሞ የጀመረው እናንተ ቤት ነው። ከእናንተ ያጣችውን «ቆንጆ ነሽ» ከማያውቋት ሰዎች ትለቅማለች፤ የሚወደደው ግን ፊልተሩ የሠራው ፊት ስለሆነ መቶም ላይክ ቢመጣ ለእሷ ጠብ አይልላትም። ሠርጉ ላይ ካሜራው ፊልተር የለውም፣ ከጎኗ የምትቆሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። መኪና ውስጥ ባትቀመጥ ነበር የሚገርመኝ።

ስልኳን አትቀሚያት። ከቀማሻት ከ«ከሰሌ» ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ኢንስታግራም የላይክ ቁጥርን መደበቅ ይፈቅዳል፤ ከፈለገች አብራችሁ አስተካክሉት፣ ካልፈለገች ተያት። ለፈተናው አብረሻት ተቀምጠሽ አጥኚ፤ ቡናውን ለጊዜው አንቺ አፍዪ፣ እጅሽ አይሰበርም።

ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው፦ ያ ስም በዚያ ቤት ዳግም አይጠራ። አጎትም ይሁን ጎረቤት ሲያነሣው በሰው ፊት «ስም አላት» በይ። «ቀዮ»ም ይቅር፤ እሱ እስካለ ድረስ ያኛው ሳይጠራም ይሰማታል። እህትሽንም ይቅርታ ጠይቂያት። «በጨዋታ ነበር» ልትያት ከሆነ ግን ይቅርብሽ።