ዘፋኙ የት ሄደ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዙ ሮክ ባንድ ስለ ኪዩር ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ "ጊዜ ካላችሁ አዲሱን አልበማቸውን ቁጭ ብላችሁ ስሙት" ብዬ። ከዛ ከባህር ዳርና ከዙሪያዋ የመጣው መልእክት ብዛቱ ገረመኝ፣ ግማሹ አመስጋኝ ግማሹ ተቆጪ፣ ስለዚ የዛሬው አምድ ሙሉውን የናንተ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ባንዱ ከለንደን በስተደቡብ ካለች ክሮሊ ከምትባል ከተማ የተነሳ ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1979 ወጣ (የምጠቅሰው ዓመት የፈረንጅ ነው)። አዲሱ 'ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ' ይባላል፣ የጠፋች ዓለም ዘፈኖች እንደማለት፣ 14ኛቸው ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወጣ፣ በኛ ጥቅምት 22 ቀን 2017። ከሱ በፊት አልበም ያወጡት 2008 ላይ ነው። 16 ዓመት!

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ፔዳ ግቢ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባልከው መሰረት አልበሙን ከፈትኩት፣ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጠበቅኩ ጠበቅኩ ዘፋኙ የለም። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ድጋሚ አወረድኩት፣ ያው ነው። የመጨረሻውማ ጭራሽ። ሰው ሁሉ ምርጥ ነው ይላል፣ እኔ ያልገባኝ ምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ ፋይልህ ደህና ነው፣ ሌላ ዳታ እንዳትጨርስበት። የመክፈቻው 'አሎን' ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል፣ ዘፋኙ ሮበርት ስሚዝ አፉን የሚከፍተው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። የመዝጊያው 'ኤንድሶንግ' ከ10 ደቂቃ በላይ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ብቻ ነው የምትሰማው። ሆን ብለው ነው እንደዛ የሰሩት፣ እኔ እንደውም አልበሙን የወደድኩት በሱ ነው።

በሁዳዴ በገና ሲደረደር ቁጭ ብለህ ሰምተህ ታውቃለህ አይደል? ደርዳሪው አውታሩን ይቃኛል፣ ከዛ ያቺኑ ዙር ይደጋግማታል ይደጋግማታል፣ ማንም "ኧረ ጀምር እንጂ" አይለውም። ሰዉ ከውጪ ይዞት የመጣው ሀሳብ ሁሉ ቀስ እያለ የሚሰክነው ያኔ ነው፣ ግጥሙ ሲመጣ ጆሮው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የኪዩር መንገድ ሌላ ነው፣ እነሱ የሚሰሩት በመደራረብ ነው፣ መጀመሪያ ከባድና ቀርፋፋ ድራም፣ ከላዩ ኪቦርዱ እንደ ጠዋት ጉም ይነጠፋል፣ ከስር ቤዙ ይገባል፣ ጊታሩ ይጨመራል፣ እና ሰውየው "አለቀ፣ ብቻችንን ቀረን" የሚል ነገር ሊናገር ሲመጣ ቤቱ ቀድሞ ሞልቷል። የ'አሎን' ግጥም መነሻው ራሱ የድሮ ግጥም ነው፣ ኧርነስት ዳውሰን የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ የጻፈው። ያንን የመሰለ ቃል በ10ኛው ሰከንድ ላይ ቢወረውርልህ ከጆሮህ አያልፍም ነበር።

እኔ ሙሉውን መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ጣና ዳር ነው፣ ማታ ወደ 12 ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ ከዘጌ ተመልሰው ታስረዋል፣ ከጓደኛዬ የተዋስኳትን ትንሽ ስፒከር ዋርካው ስር ድንጋይ ላይ አስቀምጫት። አንድ ጀልባ ነጂ ልጅ ገመዱን እየጠመጠመ "ዘፋኙ የት ሄደ?" አለኝ። "ይመጣል" አልኩት። ገመዱን ጨረሰ፣ አልሄደም፣ ጫማውን አውልቆ ጎኔ ተቀመጠ፣ ድምጹ ሲገባ ቀና ብሎ አየኝና ምንም አላለም። እንግሊዝኛ አይሰማም። ስምንቱም ዘፈን እስኪያልቅ ግን አብሮኝ ነበር፣ በጠቅላላ 49 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሀይቁ ጠቁሮ ከማዶ አንድ ሁለት መብራት ብቻ ነበር የሚታየው። ያንን ልጅ ካየሁ ወዲህ "የዘንድሮ ሰው ትግስት የለውም" ሲሉኝ አልቀበልም።

ስለዚ እንዲህ አድርግ። ባጃጅ ውስጥ በአንድ ጆሮ ኢርፎን አትስማው፣ ሻፍል አታድርገው። ማታ ዶርሙ ጸጥ ሲል መብራቱን አጥፍተህ ከ1 እስከ 8 በተራው አስኪደው። ካልወደድከውም ጻፍልኝ፣ እሱንም አትመዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከድባንቄ ነው የምጽፈው፣ ኪዩርን ከካሴት ዘመን ጀምሮ የማውቅ ሰው ነኝ። ኪዩር ማለት 1989 ነው፣ 'ዲስኢንተግሬሽን' ነው፣ በቃ። አሁን ያለው የድሮውን መልሶ ማሞቅ ነው። ሽማግሌ ባንድ ዝናውን ይዞ በክብር ቢያርፍ አይሻልም? አድማጩስ በናፍቆት እንጂ በእውነት ወዶት ነው?

መልስ፦ ጋሼ ጥያቄዎ ከባድ ነው፣ ከልብ ነው የምመልሰው። ድምጹ መመሳሰሉ እውነት ነው፣ ያ ቀርፋፋ ድራም ያ ሰፊ ኪቦርድ ከዛው ቤት የመጣ ነው። ግን አንድ ነገር ያስቡልኝ፣ ስሚዝ 'ዲስኢንተግሬሽን'ን ሲሰራ 30 ዓመት ሊሞላው ነበር፣ እርጅና እያስፈራው የሰራው አልበም ነው። አሁን አዲሱ ሲወጣ 65 ዓመቱ ነው፣ በመሀል እናቱን አባቱንና ታላቅ ወንድሙን ቀብሯል። ያኔ ከሩቅ ያየውን አሁን ቤቱ ገብቶ አግኝቶታል። ሁለቱ አልበሞች ለኔ የአንድ ሰው ሁለት ደብዳቤ ናቸው፣ የመጀመሪያው "እንዳይመጣ" ይላል ሁለተኛው "መጣ" ይላል፣ እና እርስዎ የመጀመሪያውን ያን ያህል ከወደዱት ሁለተኛውን ሳያነቡ መተው አይከብድም? 'ኤንድሶንግ' ላይ ማታ ውጪ ቆሞ ጨረቃ የሚያይ ሰው አለ። በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲወርድ ስሚዝ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከአባቱ ጋር ሰማይ ሰማይ ሲያዩ የነበረውን ነው ከ50 ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው። ይሄንን ዘፈን በ1989 ሊጽፈው አይችልም ነበር፣ ገና አልኖረውማ!

አድማጩን በተመለከተ፣ ናፍቆት የለበትም አልልም። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ ቁጥር 1 ገባ፣ ከ1992ቱ 'ዊሽ' ወዲህ ለነሱ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ 32 ዓመት መሆኑ ነው። ግን ናፍቆት ብቻ ቢሆን 2008 ላይም ይሰራ ነበር፣ ያኔ ግን እንዲህ አልተቀበሏቸውም። ለኔ ልዩነቱ መንገዱ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በዞሩበት ኮንሰርት ላይ ከአዲሱ አምስት ዘፈን ሳይወጣ ላይቭ ሲጫወቱት ቆይተዋል፣ ሰዉ በስልክ እየቀዳ ሲቀባበለው ሁለት ዓመት ኖረበት፣ አልበሙ ሲወጣ ዘፈኖቹ ለብዙው አድማጭ የሚያውቃቸው ናቸው። እኔ ራሴ የ'ኤንድሶንግ'ን ላይቭ ቅጂ ያገኘሁት እኛ ጋ ዳታ በሌለበት ጊዜ ከአዲስ አበባ በመጣ ፍላሽ ነው።

ደግሞ ሰዉ የሚወዳቸው ያለምክንያት አይደለም። በ2023 አሜሪካ ሲዞሩ 20 ዶላር ትኬት ላይ ትኬቱን ራሱን የሚያክል የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት ስሚዝ በይፋ ተቆጣ፣ ዝም አልልም አለ፣ ሻጩ ድርጅት በየትኬቱ 5ም 10ም ዶላር ለገዢው መለሰ። አልበሙ የወጣ ቀን ማታ ደግሞ ለንደን ውስጥ ትሮክሲ በሚባል አዳራሽ 31 ዘፈን ተጫውተው ለዓለም ሁሉ በነጻ በቀጥታ አስተላለፉት። እንዲህ የሚያደርግን ሰው አድማጩ አይረሳውም።

ነቀፋም አለኝ። ሚክሱ በጣም የታጨቀ ነው፣ በተለይ 'ዋርሶንግ' ላይ ድራሙና ጊታሩ ተደራርበው ድምጹን ሊውጡት ይደርሳሉ፣ 'ድሮን ኖድሮን' ደግሞ ከስምንቱ ደካማዋ ናት፣ ጉልበት እንጂ ሀዘኑ የላትም። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ብሮ ሽምብጥ አካባቢ ትንሽዬ ባንድ አለችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀይቁ ዳር ላውንጅ እንጫወታለን። ከአዲሱ አልበም 'ኤ ፍራጃይል ቲንግ'ን ልንሰራ አስበናል፣ ኪቦርድ የለንም፣ ሁለት ጊታር ቤዝ ድራም ብቻ። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ምርጫችሁም ጥሩ ነው፣ 5 ደቂቃ አይሞላም ድምጹም ቶሎ ይገባል። ዋናው ነገር ቤዙ ነው። ቤዚስታቸው ሳይመን ጋለፕ ዘፈኑን ተሸክሞት ነው የሚሄደው፣ ዜማው ያለው እሱ ጋ ነው፣ ስለዚ ቤዚስታችሁ ከኋላ ተደብቆ ዱም ዱም እንዳይል፣ በፒክ ይምታው፣ ከፍ ያድርገው፣ ትንሽ ኮረስ (ድምጹን የሚያወፍር ኢፌክት) ይጨምርበት። አንደኛው ጊታር ኪቦርዱን ይተካ፣ ረጅም ዲሌይ (ድምጹን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ ኢፌክት) አድርጎ ኮርዱን ይዞ ይቆይ አይሩጥ። ሁለተኛው ነጠላ ኖታ ይልቀም፣ ስሚዝ ራሱ ብዙ ጊዜ ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይዞ ነው ያንን ወፍራም ዜማ የሚያወጣው፣ እናንተ በጊታሩ ወፍራም ክሮች ላይ ብትጫወቱት ይቀርባል። ሶሎው ላይ ግን ልካችሁን ጠብቁ። ጊታሪስታቸው ሪቭስ ጋብሬልስ ከታዋቂው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ ጋር ዓመታት የሰራ ሰው ነው፣ እሱም እዚህ ላይ ብዙ አልተንዛዛም። ስትጫወቱ ንገሩኝ፣ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ ልጄ። አባይ ማዶ ነው የምኖረው፣ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ታላቁ ልጄ ካረፈ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ታናሹ ልቅሶው ላይ እንባ አልወጣውም፣ እንግዳ ሲያስተናግድ ድንኳን ሲያቆም ነው የከረመው። አሁን በሩን ዘግቶ ይሄን የጻፍክለትን የፈረንጅ ዘፈን ይሰማል፣ አንዱን በተለይ ደጋግሞ። መጀመሪያው ላይ ነጎድጓድ አለው፣ አንድ ቀን እውነት መስሎኝ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ወጣሁ። ከዛ ፒያኖ ነው። ጎረቤት የሰይጣን ሙዚቃ ነው ከልክይው ይለኛል። ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አይከልክሉት፣ እባክዎን።

የሚሰማው ስድስተኛው ዘፈን ነው፣ ነጎድጓዱንና ፒያኖውን ሲነግሩኝ ወዲያው አወቅኩት። ሰይጣን የሚባል ነገር የለበትም። ዘፋኙ ሪቻርድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፣ ሞተበት፣ ያ ዘፈን ስለሱ ነው። የኛ ሰው ቢሆን ሙሾ ይለው ነበር። ርዕሱን በአማርኛ ብነግርዎት "መቼም ደህና ሁን ማለት አልችልም" ማለት ነው።

እኛ ጋ ልቅሶ ላይ አልቃሿ ቆማ የሟቹን ስም ጠርታ ስታወርድ ቃል ያጣው ሁሉ በሷ ቃል ያለቅስ የለ? ልጅዎ ግን ያን ጊዜ ድንኳን እያቆመ ወንበር እየተሸከመ ነበር፣ "አይዞህ አንተ ነህ እናትህን የምታጸናት" ሲሉትም ሰምቷል፣ እንዳያለቅስ ያደረገው ይሄ ይመስለኛል፣ ጭካኔ አይምሰልዎት። ዓመት ሊሞላ ሲል አልቃሹን አገኘ፣ በሰው አገር ቋንቋ ሆነበት እንጂ። ፒያኖዋ ያቺኑ ትንሽ ዜማ ነው የምትደጋግመው፣ ሄዳ ትመለሳለች ሄዳ ትመለሳለች፣ አንድ ነገር ይዞት መልቀቅ እንዳቃተው ሰው። እኔ አባቴን ያጣሁ ጊዜ ይሄ ዘፈን አልነበረም፣ ቢኖር እሰማው ነበር።

አንድ ነገር ግን ይጠብቁ። ምግብ እምቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከትምህርት ወይ ከስራ ከቀረ፣ መኖር የሰለቸው የሚመስል ቃል ከተናገረ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይዘውት ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ይሄ ነውር የለውም፣ ጎረቤት የሚለውን ይተዉት።

እስከዛው ግን እሁድ ቡናውን አፍልተው ስኒውን ይዘው በሩን ያንኳኩ። "ያንን የነጎድጓዱን አሰማኝ፣ ምን እንደሚልም ተርጉምልኝ" ይበሉት። 6 ደቂቃ ገደማ ነው። ሲያልቅ ምንም ባይናገር እንኳ ቶሎ አይነሱበት፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ዘፈን አለ።