ቨርቹዋል ሪያሊቲ እና የአረጋውያን መውደቅ፦ ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን፣ የ74 ዓመት እናትዎ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ መውደቃቸውን፣ ወንድምዎም የቨርቹዋል ሪያሊቲ (በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለምን እንደ እውን የሚያሳይ ቴክኖሎጂ) መነጽር ገዝቶ ቤት ውስጥ የሚዛን ልምምድ ሊያስጀምራቸው ማሰቡን ገልጸው፣ ይህ ነገር በእርግጥ ከመውደቅ ይጠብቃቸው እንደሆነ ወይስ ራሱ ይጥላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከአረጋውያን ጋር ለዓመታት ስሠራ፣ በስክሪን ፊት ቆሞ የሚሠራውንም ሆነ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መነጽር የሚሠራውን ልምምድ ስለተጠቀምኩባቸው፣ ያየሁትንና በጥናት የተረጋገጠውን አጣምሬ ለመመለስ እሞክራለሁ። እግርን በትክክል የሚያሠራ ልምምድ ከሆነ ይረዳል፤ ዓይን በሚሸፍን መነጽር ቤት ውስጥ ለብቻ መጀመርን ግን አልመክርም።

የአረጋውያንን መውደቅ በጉልበት መድከም ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጡንቻ መላላት ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ይሁን እንጂ ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የወደቁት ዕቃ ይዘው፣ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ወይም ለተንኳኳ በር እየተጣደፉ ሳለ ነው። ወጣት ሰው ስለ አረማመዱ ሳያስብ ይራመዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መራመድ ራሱ ትኩረት መጠየቅ ይጀምራል፤ ትኩረቱ ወደ ሌላ ነገር ሲሳብም እርምጃው ያጥራል፣ እግሩም መሬቱን ይታከካል። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች ባሳተሙት አጭር ጥናት፣ እየተራመዱ ሳለ ሰው ሲያናግራቸው መልስ ለመስጠት የሚቆሙ አረጋውያን በቀጣዮቹ ወራት ለመውደቅ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። እኔም ታካሚን ከመጠበቂያው ወንበር አስነሥቼ ወደ ክፍሌ ስወስድ ሆን ብዬ ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ፤ ቆም ብለው ከመለሱልኝ የምርመራዬ ግማሽ ያኔ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

የዚህ ቴክኖሎጂ ዋና ጥቅም እግርንና አእምሮን በአንድ ጊዜ ማሠራቱ ነው። ተለማማጁ በትሬድሚል (ባሉበት ሆነው በሚራመዱበት ማሽን) ላይ ሲራመዱ፣ ካሜራ የእግራቸውን እንቅስቃሴ እየተከታተለ ፊት ለፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ ጫማቸውን ያሳያል፤ በመንገዱ ላይ ግንድ ወይም ኩሬ ብቅ ሲል እግራቸውን በበቂ ከፍታ አንሥተው መሻገር፣ መንገዱ ሲከፈልም የትኛውን እንደሚይዙ መወሰን ይኖርባቸዋል። አንድ አባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንዱን ባዩ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይዘው ሁለቱንም እጆቻቸውን በመደገፊያው ብረት ላይ ያጣብቁ ነበር፤ የግራ እግራቸው ጣት ደግሞ ምንጊዜም ግንዱን ይነካው ነበር። ማሽኑ ይህን በድምፅ ሲነግራቸው እኔ ለሳምንታት በቃል ከመከርኳቸው ይበልጥ ሰምተውታል፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

በዚሁ ዘዴ ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በአምስት አገሮች፣ ማለትም በቤልጂየም፣ በእስራኤል፣ በጣሊያን፣ በኔዘርላንድስና በብሪታንያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆነና ልክ እንደ እናትዎ በስድስት ወር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የወደቁ 302 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከፊሎቹ በትሬድሚል ብቻ፣ የቀሩት ደግሞ በትሬድሚልና በስክሪን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ተለማመዱ። ከልምምዱ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ስክሪኑን የተጠቀሙት ሰዎች የመውደቅ መጠን ከሌሎቹ በ42 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በመርገጫ ምንጣፍ ላይ እየረገጡ በሚጫወቱት ጨዋታ ለአንድ ዓመት ሲለማመዱ የመውደቅ መጠናቸው በ26 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በዚያው ጥናት ተመሳሳይ የአእምሮ ጨዋታዎችን ተቀምጠው የተጫወቱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ ሻጮች በማስታወቂያቸው አረጋውያን በምቹ ወንበር ተቀምጠው በምናባዊ ሐይቅ ላይ ሲቀዝፉ ሲያሳዩ፣ ነገሩ ለመዝናናት መልካም ቢሆንም ከመውደቅ ይጠብቃል ቢሉዎት አይቀበሏቸው።

ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ጥናቶች ዓይን የሚሸፍን መነጽር አልተጠቀሙም። በመነጽሩ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው አነስተኛ ቁጥር ባላቸው ሰዎች ላይ የተካሄዱና የሚዛን መለኪያዎችን የመዘኑ ናቸው፤ ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደወደቁ የተከታተሉት ጥቂቶቹ ናቸው። አደጋውም የተለየ ነው። አረጋውያን ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ከወጣቶች ይበልጥ በዓይናቸው ይመካሉ፤ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ግን «ቆመሃል» የሚል መልእክት ሲልክ፣ አንጎል በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ላብ ይከተላል። አንዲት እናት መነጽሩ ተደርጎላቸው ጠባብ ድልድይ ላይ የቆሙ ሲመስላቸው፣ ምንም ሳይናገሩ ተረከዛቸው ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረ፤ ጣቶቻቸውም ከጀርባቸው ያለውን ወንበር በአየር ላይ ይፈልጉ ነበር። እጄ ወገባቸው ላይ ባይሆን ኖሮ መሬት ይደርሱ ነበር። በእኔ ክፍል መነጽሩን የምንጠቀመው ታካሚው በማንጠልጠያ ቀበቶ ተይዞ ወይም አንድ ሰው በክንድ ርቀት ቆሞ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እናትዎ ሐኪም ይያቸው። ሁለት ጊዜ የወደቀን ሰው መንሥኤውን ሳያውቁ ወደ ልምምድ ማስገባት ተገቢ አይደለም። ሐኪሙ ተኝተውና ከዚያ ቆመው የደም ግፊታቸውን እንዲለካ ይጠይቁ፤ በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ አንዱ መንሥኤ ተገኘ ማለት ነው፤ እርሱንም ጨዋታ አያድነውም። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ በተለይ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት ካለ፣ ይዘው ይሂዱ። ዓይናቸውም ይታይ። የሚጥል በሽታ ወይም ብርቱ ማዞር ካለባቸው መነጽሩ ይቅር። እርስዎም ቤት ውስጥ አንድ ነገር መለካት ይችላሉ፦ ከወንበር ተነሥተው፣ በተለመደ አካሄዳቸው 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረውና ተመልሰው እስኪቀመጡ ሰዓት ይያዙ፤ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ስጋት አለ ተብሎ ይወሰዳል።

ወንድምዎ መነጽሩን ገና ካልገዛ እንዲቆይ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ከ100 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ ተራ የአካል ብቃት ልምምድ መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሚዛንን የሚፈትነውና ከወንበር እንደመነሣት ያለውን የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ የሚያሠራው ልምምድ ደግሞ በዚህ ረገድ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው መካከል ነው። ይህንን በፊዚዮቴራፒስት ምክር ዛሬውኑ ያለ ምንም መሣሪያ መጀመር ይቻላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሰላቸት ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜም ይመጣል፣ እግርን የሚያስረግጥና በስክሪን የሚታይ ጨዋታ መጨመር ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ምንጣፍና ገመድ ተነሥቶ፣ የማይንሸራተት ጫማ አድርገው፣ የማይነቃነቅ ወንበር በአጠገባቸው ሆኖ፣ ሰውም በክፍሉ ውስጥ እያለ ይሥሩ። ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ወዲያው አቁመው ይቀመጡ፤ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቃቸውም ብቻቸውን ወደ መታጠቢያ ቤት አይሂዱ። የሐኪሙን ውጤትና የ3 ሜትሩን ልኬት ቢጽፉልን፣ ከየትኛው ልምምድ መጀመር እንደሚሻል በዝርዝር ልነግርዎ እችላለሁ።