ቺንጋው ተንሸራተተ ወይስ ጥርስ ዘለለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ካዛንቺስ አካባቢ ባሉ ህንጻዎች የአውቶማቲክ በርና የሊፍት በር ጥገና እሠራለሁ። አሁን ለአዳዲስ ልጆች አጭር መመሪያ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። በሩን የሚጎትተውን ነገር «ጥርሳም ቀበቶ» ልበለው፣ «ባለጥርስ ቀበቶ» ወይስ እንደለመድነው «ቺንጋ»? ደግሞ «ቀበቶው ሳይንሸራተት በሩን ያንሸራትታል» ብዬ የጻፍኩትን ባልደረባዬ አልገባኝም አለኝ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ገጾቹን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከስሙ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። «ጥርሳም» የሚለውን ተወው። ሆዳም፣ ቀንዳም፣ ጥርሳም ስንል የአካሉን መግዘፍ ወይም መብዛት ነው የምንናገረው፤ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ስድብ ይሆናል። ጥርስ አለው ለማለት «ባለጥርስ» ይበቃል። ቀበቶ ወይስ ቺንጋ ለሚለው እኔ ቺንጋን እመርጣለሁ። ከጣልያንኛ ነው የመጣው፤ ኩሽኔታም (ዘንግ ያለችግር እንዲዞር የሚይዘው) ፑሌጃም (ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር) እንደዚያው፣ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ማንም እንግዳ አይላቸውም። ቀበቶ ካልክ መኪና የለመደ ልጅ ቶሎ የሚመጣለት የወንበሩ ቀበቶ ነው። ብቻ አንዱን ከመረጥክ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽና። ገጽ 1 ላይ ቺንጋ፣ ገጽ 3 ላይ ቀበቶ ካልክ አንባቢው ሁለት ዕቃ ይፈልጋል።

ዋናው ነገር ግሱ ነው። «ሳይንሸራተት ያንሸራትታል» ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን አንዱን ግስ ሁለት ተቃራኒ ነገር አሸክመኸዋል። በር ሲንሸራተት ሥራውን እየሠራ ነው። ቺንጋ ተንሸራተተ ስትል ግን ብልሽት ነው የምትናገረው። ለዚያውም ባለጥርስ ቺንጋን የሚያጠቃው ብልሽት ይህ አይደለም። ጥርስ የሌለው ቺንጋ የሚይዘው በፍትጊያ ብቻ ስለሆነ ፑሌጃው ላይ ሙልጭ ሊል ይችላል። የባለጥርሱ ጥርስ ግን ፑሌጃው ቦይ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ሲላላ ወይም ጭነት ሲበዛበት ከያዘው ቦይ ይወጣና ቀጣዩ ውስጥ ይገባል። ይህ «ጥርስ ዘለለ» ነው የሚባለው።

የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባሉት ባንኮች መግቢያ ላይ እንደምናየው ያለውን፣ መሀል ለመሀል ተከፍሎ የሚከፈተውን በር አስበው። የላይኛውን ሽፋን ስታወልቅ በአንድ ጫፍ ሞተሩ ከነፑሌጃው አለ፣ በሌላው ጫፍ ዝም ብሎ የሚዞር ሌላ ፑሌጃ አለ፣ ቺንጋው ሁለቱን ዞሮ ይገጥማል። አንዱ መዝጊያ በላይኛው የቺንጋ መስመር፣ ሌላው በታችኛው፣ በመቆንጠጫ ታስረዋል። ላይኛው መስመር ወደ ግራ ሲሄድ ታችኛው ወደ ቀኝ ነው፤ በአንድ ሞተር ሁለቱ መዝጊያዎች ተለያይተው የሚሄዱት ለዚህ ነው። (መዝጊያ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በር የምንገባበት ቦታ ነው፤ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው መዝጊያው ነው። «ሁለቱ በሮች» ያልከውን «ሁለቱ መዝጊያዎች» ብታደርገው ደስ ይለኛል።)

አሁን ቺንጋው ሞተሩ ፑሌጃ ላይ ጥርስ ዘለለ እንበል። ሁለቱም መዝጊያዎች እኩል ነው የሚሳሳቱት። መገናኛቸው መሀል ላይ እንደሆነ ይቆያል፤ ግን መቆጣጠሪያው ቦታቸውን የሚያውቀው የሞተሩን ዙር እየቆጠረ ስለሆነ፣ ተዘግቷል ብሎ ሲያቆም መሀል ላይ ክፍተት ይቀራል ወይም ገና ነው ሲል ይጋጫሉ። የአንዱ መዝጊያ መቆንጠጫ ላልቶ ቺንጋው ከውስጡ ቢሾልክስ? ያኔ የሚሳሳተው ያ መዝጊያ ብቻ ነው፣ መገናኛቸውም ከመሀል ወደ ጎን ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥገና ቺንጋ መወጠር ነው፣ የሁለተኛው መዝጊያውን ቦታው መልሶ የመቆንጠጫውን ብሎን ማጥበቅ። ሁለቱንም «ተንሸራተተ» ካልካቸው ልጁ ሲደውልልህ የትኛውን እንደሚያወራ በምን ታውቃለህ? እንግዲህ መዝጊያው ይንሸራተት፣ ቺንጋው ፑሌጃ ላይ ጥርስ ይዝለል፣ ከመቆንጠጫ ይሹለክ። ሦስቱም ግሶች ቤታችን ያሉ ናቸው።

«የጥርስ ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር» ያልከውም መታረም አለበት። ክፍተት ባዶው ቦታ ነው። ልጁ ካሊፐሩን በሁለት ጥርሶች መካከል ከትቶ ይለካና ከሚፈለገው ግማሽ ገደማ ያገኛል፣ ያንን ይዞ ገበያ ይወጣል። አንተ የፈለግከው ከአንዱ ጥርስ መሀል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መሀል ያለውን ነው። ይህን አንድ ጊዜ አብራርተህ ከዚያ በኋላ «እርምጃ» ብትለው ይስማማዋል። ፑሌጃው 20 ጥርስ ካለው በአንድ ዙር 20 እርምጃ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሜትር ይጎትታል። 90 ሴንቲ ሜትር የሚከፈት በር ላይ እያንዳንዱ መዝጊያ 45 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ፑሌጃው አራት ዙር ተኩል ዞረ ማለት ነው። አንድ ጥርስ ሲዘል የእያንዳንዱ መዝጊያ ስህተት 5 ሚሊ ሜትር መሆኑን ልጁ ራሱ ይደርስበታል። የጥርሱን ቅርጽም ጻፍለት። ቲ5 እና ኤችቲዲ 5ኤም የሚባሉት የቺንጋ ዓይነቶች ሁለቱም እርምጃቸው 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን የአንዱ ጥርስ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፣ የሌላው ክብ ነው፣ አንዱ በሌላው ፑሌጃ ላይ በትክክል አይቀመጥም።

«ቺንጋው በደንብ ይጥበቅ» የሚለውን ሰርዘው። ብሎን ይጠብቃል፣ ቺንጋ ይወጠራል። «ውጥረት» ዜና ላይ ስለበዛ አትሽሸው፣ ቦታው እዚህ ነው። «በደንብ» ደግሞ ይብሳል፤ ለኛ ሰው በደንብ ማጥበቅ ጉልበት እስኪያልቅ ማጥበቅ ነው። ከልኩ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ይጫናል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ ይጮኻል። «በልኩ ይወጠር» በልና አምራቹ የሰጠውን ልክ ከጎኑ ጻፍ፤ ቁጥሩ ከሌለ «በልኩ» ብቻውን ለልጁ ምንም አይነግረውም።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው «ቺንጋው ሲለጠጥ» የሚለው ነው። ባለጥርስ ቺንጋ ውስጡ የብረት ሽቦ ወይም የፋይበርግላስ ክር ያለበት እንዳይለጠጥ ተብሎ ነው። ሲረግብ ብዙ ጊዜ የተንቀሳቀሰው የፑሌጃው ማስተካከያ ነው። «ላላ» ልጁ ያየውን ብቻ ይናገራል፣ «ተለጠጠ» ግን ምክንያቱን ሳይመረምር ይወስንለታል። ተለጠጠ የሚል ካነበበ አዲስ ቺንጋ ይገዛል፤ ላላ የሚል ካነበበ መጀመሪያ የማስተካከያውን ብሎን ያያል።