የገና ዛፍ መቼ ይቁም?

«ዛፉን ታኅሣሥ እንደገባ ነው ወይስ ለዋዜማው የምታቆሙት?» ላልከው፣ እኛ ለገጣፎ ያለነው ታኅሣሥ 20 ገደማ ነው የምናወጣው። ፈረንጆቹ በ16 ሲያከብሩ ሱቁ ሁሉ ስለሚያብለጨልጭ ልጆቹ ከዚያ በኋላ እረፍት አይሰጡም። የኛ ገና ግን 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ አትቸኩል።

እርጥብ ጥድ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አምጣና አሸዋ በሞላ ባልዲ ትከለው፣ አሸዋውንም ውኃ አጠጣው፣ አለዚያ ቅጠሉ ሳሎን ውስጥ ይረግፍልሃል። የፕላስቲኩ ይሻላል፣ ለዓመታት ያገለግላል።

የፈረንጆቹን ዓይነት በረዶ አይተን ባናውቅም በዛፉ ላይ ጥጥ እንበትንበታለን መቼም! ብቻ ጥጡን ከአምፖሉ አርቀው። አምና እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የሚቃጠል ጥጥ ሽታ ነው። ስትተኛ የመብራቱን ሶኬት ንቀለው። እኛ ዛፉን የምናፈርሰው ከጥምቀት በኋላ ነው።