ቤት ለምትገዙ፣ ለምትሸጡና ለምታከራዩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በአዲስ አበባ በጥብቅና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከያዝኳቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ የቤት ክርክሮች ነበሩ። ከእነዚህም የበዙት ከተንኮል ይልቅ ከይሉኝታ የተነሡ ናቸው፤ ገዢው «ካርታውን ላመሳክር»፣ ሻጩ «ባለቤቴም ትፈርም»፣ አከራዩ «በጽሑፍ እንዋዋል» ለማለት አፍሮ ዝም ያለበት ቀን ከዓመታት በኋላ ችሎት ፊት ያቆመዋል። መጠየቅን አለማመን አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት ብዬ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ቤት የምትገዙ ከሆነ አስቀድማችሁ የምትገዙት ምን እንደሆነ እወቁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። በእጃችሁ የሚገባው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ስለሆነ፣ ይዞታው በሊዝ ከሆነ ምን ያህል ክፍያ እንደቀረው፣ ቤቱ በባንክ መያዣነት መያዝ አለመያዙን፣ በፍርድ ቤት መታገድ አለመታገዱን ሻጩ ከመዝገብ ማስረጃ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካርታው ላይ የተጻፈውን ካሬ ሜትርም ለክታችሁ ከአጥሩ ጋር አስተያዩት፤ አጥሩ ከካርታው አልፎ የወጣ ግቢ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በውክልና የሚደረገው ግዢ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ኮንዶሚኒየሙን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ስለተከለከለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጥና ስም ዝውውሩ ጊዜው ሲደርስ ይፈጸማል ይባላል። ነገር ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል፤ ወካዩ በሕይወት ሳለም ሊሽረው ይችላል። ዐረብ አገር በሰው ቤት ለዓመታት ደክማ ባጠራቀመችው ገንዘብ እንዲህ ባለ ውክልና ቤት የገዛች አንዲት እህት ወደ ቢሮዬ የመጣችው ሻጩ ከሞቱ በኋላ ነበር። ወራሾቹ ሽያጩን አናውቅም አሉ፤ በእጇ የነበረውም የውክልና ወረቀትና የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ተከራክረን ከገንዘቡ ከፊሉ ተመለሰላት፤ ቤቱን ግን አጣችው። የእርሷ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የክልከላው ጊዜ ያላለቀ ቤት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ አትግዙ።

ደላላ ቢሮ በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀትም አያጽናናችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ስለዚህ ዋናው ክፍያ ውል ወደሚያረጋግጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ውልና ማስረጃ፣ ቀርባችሁ ከተፈራረማችሁ በኋላ በባንክ ይሁን።

ሻጮች ደግሞ ቀብድ ለመቀበል አትቸኩሉ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሐሳባችሁን ብትለውጡ የተቀበላችሁትን እጥፍ አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በመሆኑም የትዳር ጓደኛችሁ ያልተስማማበት ሽያጭ በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ግብር ለመቀነስ ተብሎ በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም እኔ ለማንም መክሬ አላውቅም፤ ሕግ መጣስ ከመሆኑም በላይ፣ ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ሲባል ገዢው ከተጻፈው በላይ መክፈሉን ማስረዳት ይከብደዋል።

አከራዮች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እንደ ሸክም ሲያዩት እሰማለሁ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በእኔ አመለካከት፣ በቃል ተከራይቶ «ከፍያለሁ»፣ «አልተቀበልኩም» ሲባባል ላየ ሰው የተመዘገበ ውልና የባንክ ደረሰኝ አከራዩንም ይጠብቃል። ቁልፉን ስታስረክቡ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቧንቧውን ከተከራዩ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውንም ንባብ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።