ኔዜ ሴጋን በመጪው ወቅት የትና መቼ ይመራሉ?

ዋሽንግተን ሆነው የኦርኬስትራና የኦፔራ መሪውን ያኒክ ኔዜ ሴጋንን በመጪው ወቅት የት ቢመለከቱ እንደሚሻል ለጠየቁት፣ እኔ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የምትርቀውን ፊላደልፊያን እመርጣለሁ። መሪው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሙዚቃ ዳይሬክተርነት ስለያዙ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባለው ወቅት በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሳሉ፤ የትውልድ ከተማቸውን የሞንትሪያልን «ኦርኬስትር ሜትሮፖሊቴን» የተባለ ኦርኬስትራም አልተዉም። ኦፔራውን ከመረጡ ግን፣ አንድ ሥራ ለብዙ ምሽቶች ሲቀርብ መሪው መካከል ላይ ሊቀየር ስለሚችል፣ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ምሽት መሪ ማንነት ያረጋግጡ (የቸኮለ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። ቋንቋው አያሳስብዎ፤ የግጥሙ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከፊትዎ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ይነበባል።